የዘንዶው ሁለተኛ ዓይን

ከባሌ ከአዳነ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ከማክሰኝት ገበያ ጤፍ ገዝቶ መመለስ ነበር። ጤፉን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ጫኑልን፤ እኛ ከኋላ ወንበር ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከአጠገባችን አንድ ሰውዬ ጎንደር ወስዶ የሚሸጠውን የበሬ ቆዳ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ እግሩ ሥር አስቀምጧል። ቆዳው ገና አልደረቀም። ሽታው ሲመጣብኝ በነጠላዬ አፍንጫዬን ሸፈንኩ። ሰውዬው አፈረና ይቅርታ ጠየቀኝ። ባሌ ግን ደስ አለው። ደስ ሲለው አውቃለሁ፤ መነጽሩን ያወልቃል።

«እሷ ቆዳ ጠልታ አይደለም፤ ታሪክ አላት» አለው። ከዚያ ታሪኬን መናገር ጀመረ።

አዳነ ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። የዘንዶ ነገር የያዘው ግን ከእኔ ነው። እንደተጋባን ሰሞን የልጅነቴን ነገር አንድ ቀን ብነግረው፣ ከዚያ ወዲያ የዓለምን ዘንዶ ሁሉ ይሰበስብ ጀመር። ያን ቀንም ለሰውዬው አንድ በአንድ አወረደለት። በቻይና ዘንዶ ዝናብ የሚያመጣ፣ በነገሥታት ልብስ ላይ የሚጠለፍ የተከበረ ፍጥረት ነው። ዌልስ የሚባል አገር ባንዲራው ላይ ቀይ ዘንዶ አለ። በቡታን ነጎድጓድ ማለት የዘንዶ ድምፅ ነው። የአውሮፓው ደግሞ ወርቅ ላይ ተኝቶ የሚጠብቅ ስስታም ነው። ሰውዬው ቆዳውን በእግሩ ወደ ራሱ እየጎተተ «ወይ ጉድ» ይላል። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣ።

«ባለቤቴ ደግሞ በዘጠኝ ዓመቷ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ አዘነችለት። በአንድ ዓይን መቅረቱ አንጀቷን በልቷት፣ አልቅሳ ሁለተኛ ዓይን ሣለችለት። ቢጫ ዓይን።»

አላለቀስኩም። አላዘንኩለትምም። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ያን ቀን ግን ያረምኩት ቀለሙን ብቻ ነው። «ነጭ ነው፣ ዙሪያው ቀይ» አልኩና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ጠዳን አለፍን፤ አዘዞ ደረስን፤ እሱ አሁንም ያወራል።

በአራተኛው ቀን አረፈ።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ታሪኩን ከእሱ ሰምቶታል። ጎረቤቱ፣ ተማሪው፣ የማኅበር ጓደኛው፣ ሁሉም ከፍራሼ አጠገብ ቁጭ ይልና «አይ ያንቺ ልብ፤ ለዘንዶ እንኳ የምታዝኚ» ይለኛል። ሐዘንተኛ አይከራከርም። አንገቴን እየደፋሁ ሰማሁ፤ ሦስት ቀን ሰማሁ፤ ሳምንት ሰማሁ። በዚህ ላይ በአዳነ ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በትክክል መስማት አቃተው ብዬ ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ግን እሱ ሊሰማው ያልቻለውን ነገር እኔም ነግሬው አላውቅም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። እጄ ዘገምተኛ ነው፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

ያኔ የምማረው በጠዋት ፈረቃ ነበር። ከሰዓት ከሰዓት እናቴ ወደ አያ ተገኘ ቤት ትልከኛለች። አያ ተገኘ የእናቴ አጎት ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥላሉ። የተላክሁት ግን ሥዕል እንድማር አይደለም። ሙጫ የሚያማስል ሰው ስለጠፋ ነው። ልጃቸው ማንጠግቦሽ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ሙጫ ያማሰለ ሰው ፀጉሩ ለሳምንት እንደሚሸት ስለምታውቅ፣ እንዝርቷን ይዛ በረንዳ ላይ ትቀመጥና ጥጥ ትፈትላለች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ፀጉሬን የሚያሸት ሰው አልነበረም።

የበሬ ቆዳ ቁርጥራጭ በብረት ድስት ውሃ ይጨመርበትና ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ይውላል። ከፈላ ይበላሻል፤ ከቀዘቀዘ ይረጋል፤ ካላማሰሉት ከሥር ይይዛል። ዝንቡ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ የአካባቢው ዝንብ በሙሉ እኔ ላይ ነበር። ሽታው ደብተሬ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ አስተማሪዬ ወደ መጨረሻው ወንበር አዛወረችኝ። እማ ይህን ስነግራት «ታዲያ ለቤተ ክርስቲያን አይደል?» ብላ ዝም አሰኘችኝ። ለቤተ ክርስቲያን ነው ከተባለ ደግሞ መልስ የለም።

አያ ተገኘ ግድግዳ ላይ አይሥሉም። እንደ ድሮዎቹ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ አቡጀዲ ይወጥራሉ፤ በሙጫና በኖራ ይቀቡታል፤ ሲደርቅ ይሥሉበታል። ካለቀ በኋላ ጨርቁ ተጠቅልሎ ይሄድና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ቀዩ ቀለም አፈር ነው፤ ጥቁሩ የድስት ጥላሸት፤ ሰማያዊው ለነጭ ልብስ ማጠቢያ ከሱቅ የሚገዛው ዱቄት። ዓይናቸው ስለደከመ አፍንጫቸው ጨርቁን እስኪነካ ተጠግተው ይሥሉ ነበር። ማታ ሲወጡ አፍንጫቸው ላይ የአንዱ ቅዱስ ልብስ ቀለም ይኖራል፤ የሚነግራቸው የለም።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የያዙት ሥራ ከጠዳ ወጣ ብላ ላለች የገጠር ጊዮርጊስ ሁለት ጨርቅ ነበር። አንዱ አቡነ አረጋዊ፣ አንዱ ራሱ ጊዮርጊስ። ሥራው ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት አንድ ቀን ጠርተውኝ የጊዮርጊሱን ጨርቅ ግርጌ ሲያሳዩኝ ነው። ከፈረሱ እግር ዝቅ ብሎ አንድ ትንሽ ሽማግሌ ግንባሩን ምድር አስነክቶ ተደፍቷል፤ ከጎኑ ጽሑፍ አለ። አንብቢው አሉኝ። «ይህን የሣለውን ተገኘን በጸሎት አስቡት» ብዬ አነበብኩ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ አስነበቡኝ።

በኋላ ማንጠግቦሽ እንደነገረችኝ፣ እስከዚያ ዓመት ድረስ የእሳቸው ስም የተጻፈበት ግድግዳ የትም አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአባታቸው ሥር ሠሩ፤ ሥዕሉ ሁሉ በአባታቸው ስም ነው። አሁን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ይህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነበር።

ጥያቄ አይወዱም። እኔ ደግሞ ከመጠየቅ በቀር ሙጫ እያማሰሉ ምን ይሠራል? አንድ ቀን ጻድቁ ሁሉ ሁለት ዓይን፣ ክፉው ሁሉ አንድ ዓይን ያለው ለምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ይህን እንኳ መለሱልኝ። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ወደ እኛ ያዞራል። ኃጥእ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ሊሳለም የመጣ ምእመን ዓይኑ ከክፉ ዓይን ጋር እንዳይገጣጠም።

ይህን የሥዕል ሥርዓት እኔ የዓለም ሕግ አድርጌ ያዝኩት። ክፉ የሠራ ሰው አንድ ዓይኑ ይጠፋል ማለት ነው ብዬ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲያ ሰው መመርመር ሆነ ሥራዬ። ሁልጊዜ አንገቱን አዙሮ የሚያናግረንን ባለሱቅ ጠረጠርኩት። አንድ ዓይኗ የጠፋ ቅቤ ሻጭ ነበረች፤ ምስኪን ሴትዮ፤ እማ ከእሷ ስትገዛ እኔ ከበር ውጭ እቆም ነበር። ጠዋት ስነሳ አንድ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ አያለሁ፤ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱም ካዩ የትናንቱ ኃጢአቴ አልተቆጠረም ማለት ነው።

ነገሩን ያበላሸው የአቡነ አረጋዊ ጨርቅ ነው። አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ገደል ላይ ያወጣቸው ዘንዶ ነው፤ ጅራቱን ይዘው ወጡ። እንግዲህ ይህ ዘንዶ ስንት ዓይን ይኑረው? አያ ተገኘ ይህን ሲያስቡ ሁለት ቀን ብሩሻቸውን ሳያነሱ ዋሉ። ሁለት ዓይን ቢሰጡት ዘንዶ ነው፤ አንድ ቢሰጡት ቅዱሱን የተሸከመ ነው። በሦስተኛው ቀን ሰውነቱን ገደሉ ላይ አጋድመው ራሱን ደመና ውስጥ ከተቱት።

«አያ፣ ራሱ የታል?»

«ላይ ነው። ከፍ ስላለ አይታይም።»

«ጊዮርጊስ የሚገድለው ይሄንኑ ነው? እሱ ከገደለው አባን ማን ያወጣቸዋል?»

«ያኛው ሌላ ነው።»

«በምን ይታወቃል?»

«ሂጂ እንጉዳይ፣ ሙጫሽን አማስዪ።»

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ በዚያው ሰሞን ከአሥመራ ፔርሙዝ ይዞ መጣ። እማ በእሱ ፍል ውሃ ሞልታ ለአያ ተገኘ ትልካለች። ፔርሙዙ ላይ የቻይና ዘንዶ ነበረበት፤ ጢሙ እንደ ድመት፣ ፊቱን ሙሉ ወደ ሰው አዙሮ፣ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ። አባቴ በዚያ አገር ዝናብ የሚያዘንበው እሱ ነው አለኝ። ይህን ለአያ ተገኘ ብነግራቸው ዝናብ የሚያዘንበው እግዚአብሔር ነው አሉ። «እዚያስ?» ብላቸው ወደ ድስቱ አመለከቱኝ። ፔርሙዙን በገባ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል። እኔ ደግሞ እሳቸው ዞር ሲሉ ወደ ቤቱ አዞረዋለሁ። ይህ ሳንነጋገርበት ወር ሙሉ ቆየ። ማንጠግቦሽ በረንዳው ላይ ሆና «ሁለታችሁም ልጆች» ትለን ነበር።

አዳነ አዘነችለት የሚለው የጊዮርጊሱ ዘንዶ ጋ አሁን ደረስኩ። ጊዮርጊስ ከቀኝ በኩል በነጭ ፈረስ ይመጣል። ዘንዶው ከሥር ተጋድሞ ወደ ግራ ነው የሚያየው። ያለችው አንድ ዓይን ናት፤ እሷም ፈረሱ በሌለበት በኩል። እኔ ሰፈር ውስጥ ከወንዶች ጋር የምታገል ልጅ ነበርኩ፤ ከኋላ መጥቶ መጣል እንደማይቆጠር አውቃለሁ። ይህን ጨርቅ ባየሁ ቁጥር ያናድደኝ ነበር። ጊዮርጊስን የሚያህል ሰው፣ የሰማዕታት አለቃ፣ በማያይበት በኩል መጥቶ ወጋው ይባል? ያሰብኩት ለጊዮርጊስ ነው። በደንብ እንዲያሸንፍ ፈለግሁ። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ሁለት ጊዜ ወደ ሙጫዬ ተመለስኩ።

ከሆሣዕና በፊት በነበረው ዓርብ ሥራው አለቀ። በማግስቱ የደብሩ አለቃና የአጥቢያው ሽማግሌዎች ሊያዩት ነው፤ ከወደዱት ለሚያዝያ ጊዮርጊስ ይለጠፋል። አያ ተገኘ ቅዳሴ ሄዱ፤ በጾም ቅዳሴው ከሰዓት ነው። ማንጠግቦሽ ልብስ ልታጥብ ወርዳለች። እኔ፣ ድስቱና ዝንቡ ቀረን።

ሲሥሉ ሁለት ወር ሙሉ አይቻለሁ። መጀመሪያ ነጩን እንደ ምስር አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ጨርቁ ሲጠጣው በቀጭን ብሩሽ ቀይ ያዞሩበታል፤ በመጨረሻ ጥቁሯን ነጥብ፣ ትንፋሽ ይዘው። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኑን ያስቀመጥኩት ከመጀመሪያው ጎን፣ እዚያው ጉንጩ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። ጨርሼ ወደ ኋላ ስል ዘንዶው ፈረሱን ሳይሆን እኔን አየኝ። ከዚያ ብሩሹን አጥቤ ወደ ሙጫዬ ተመለስኩ። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ አያ ተገኘ በደብዛዛው ጠቅልለው ተሸከሙት።

ጨርቁ የተዘረጋው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ነው። አለቃው፣ አምስት ስድስት ሽማግሌዎች፣ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች፣ እማ፣ ማንጠግቦሽ፣ እኔ። የአረጋዊውን አዩና ሸጋ ነው አሉ። የጊዮርጊሱን ሲፈቱት መጀመሪያ ሁሉም ፈረሱን አደነቀ። ከዚያ አንድ ገበሬ ትንሽ ወደ ጎን ሄደ። ወደ ሌላው ጎን ሄደ።

«ይሄ ነገር ያየኛል» አለ።

ሌላው መጥቶ ቆመ። እሱንም ያየዋል። አንዲት ሴት ያዘለችውን ልጅ ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። አለቃው ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ።

«አያ ተገኘ፣ ይህ ምንድን ነው?»

አያ ተገኘ ተንበርክከው አፍንጫቸውን ወደ ጨርቁ አስጠጉ። ከዚያ ሳይነሱ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

«ይህች ልጅ ናት» አሉ።

አለቃው ደግመው ጎንበስ አሉ። በጣታቸው ሳይነኩ የዓይኑን ዙሪያ ተከተሉት። «ይህ የልጅ እጅ አይደለም» አሉ። «እርጅና ነው ቢሉን ማን ይፈርድብዎታል? ሁላችንም እናረጃለን። በልጅ ማላከክ ግን ከእርስዎ አይጠበቅም።»

ይህን ነው ለአዳነ ነግሬው የማላውቀው። ያን ቃል ስሰማ ደስ አለኝ። ይህ የልጅ እጅ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ነገር ማንም ብሎልኝ አያውቅም፤ ደስታው ሆዴ ውስጥ እንደ ፍል ውሃ ገባ። እማ ዞር ብላ አንቺ ነሽ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ያ ደስታ ገና አልወጣም ነበር።

«አይደለሁም» አልኩ።

«እሷ እንኳን ዓይን ልትሥል ስሟን በቅጡ አትጽፍም» አለች እማ ለሰዉ። በዚህ ተናድጄ ልናገር ነበር፤ ለትንሽ ተረፍኩ። የቀረውን ያደረገው ፍርሃት ነው፤ ውሸታም መሆኔን አሁን ካመንኩ ዓይኔ እዚያው የሚጠፋ መሰለኝ።

አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም። ዓይኑ ይጥፋና ጨርቁን እንቀበላለን፣ ለዚህ ለዚህማ አንድ ጊዜ ብሩሽ ማሳረፍ ነው አሉ። በእርግጥም አንድ ጊዜ ማሳረፍ ነበር። አያ ተገኘ ብሩሹን አወጡ፤ ጥቁሩን ቀለም በጠበጡ። ሰዉ ተነፈሰ። እሳቸው ግን ብሩሹን ወደ እኔ ዘረጉት።

«ያልሣልኩትን አላጠፋም» አሉ። «የሣለው ያጥፋው። ነይ እንጉዳይ።»

አልሄድኩም። የእማን ቀሚስ ይዤ ቆምኩ። እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ፤ ቀለሙ ከብሩሹ ጫፍ አፈሩ ላይ እየተንጠባጠበ። አንድ ሽማግሌ እባክዎ አያ፣ በአንዲት ዓይን ምክንያት አይጣሉን አለ። ማንጠግቦሽ ሳትቀር ምነው አባባ፣ ዝም ብለህ ብታጠፋው አለች። ዛሬም ድረስ ያበግነኛል፤ ሰው እንዴት እንዲህ ግትር ይሆናል? ዓይኔን ጨፍኜ ከአሁን አሁን ያጠፉታል እላለሁ። ስገልጥ ጨርቁን እየጠቀለሉ ነበር። ከግርጌው ነው የጀመሩት፤ ትንሹ ሽማግሌ ከነስሙ መጀመሪያ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ዓይኔን ሸፈንኩ፤ አየሁ። ሌላውን ሸፈንኩ፤ አየሁ። በሦስተኛው ቀንም በሳምንቱም ሁለቱም አዩ። የፈራሁት ቅጣት ሲቀር ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም። ሕጉ የማይሠራ ከሆነ ያ ሁሉ ሰው ሁለት ዓይን ይዞ ምን እንደሚሠራ በምን ይታወቃል? ባለሱቁንም ቅቤ ሻጯንም መመርመር ተውኩ።

አያ ተገኘ ምንም አላሉኝም። ሙጫ እንዳማስል ግን ዳግመኛ አልጠሩኝም፤ እማም እርጅና ነው ብላ ተወችው። ለጊዮርጊሷ ሌላ ወጣት ሠዓሊ በዘይት ቀለም ሣለላት፤ ዘንዶው እንደ ጎመን አረንጓዴ ነው፣ አንድ ዓይን አለው፣ ማንንም አያይም። የአረጋዊው ጨርቅ ተለጥፏል፤ እሱ ላይ ግን ስም የለበትም። የጊዮርጊሱ የአያ ተገኘ ቤት ጣሪያ ውስጥ ተሰክቶ አይጥ በላው። እሳቸው በቀጣዩ ክረምት አረፉ።

የአዳነ አርባ ካለፈ በኋላ አዘዞ ሄድኩ፤ ማንጠግቦሽ አሁን እዚያ ነው ያለችው። ሰባ ገደማ ሆኗታል፤ ጉልበቷ ስለሚያማት በር የምትከፍተው በምርኩዝ ነው። ስለ አዳነ አለቀሰችልኝ። ከዚያ እሷም ስለዚያ ዓይን አነሳች፤ አባቷ አርጅተው የሠሩት ስህተት ብላ፣ በፍቅር፣ ፈገግ እያለች። እኔ ነኝ አልኳት። ያኔም እኔ ነበርኩ አልኳት። ስለ ደስታዬም ነገርኳት።

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆየ።

«ሊሞት ሲል 'ማንጠግቦሽ፣ ልጅቱ ናት' አለኝ» አለች። «እኔ 'እሺ አባባ፣ እሺ' አልኩት። እንደ ሕፃን አባበልኩት።»

ይቅርታ ልላት ስጀምር እጇን አነሳችብኝ።

«ውጪልኝ እንጉዳይ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

አሁን ረቡዕ ረቡዕ አዘዞ እሄዳለሁ። አንዳንዱን ረቡዕ ትከፍትልኛለች።